የአባባ ጸጉር በካሜራው ፊት

አባቴን ሽማግሌ ያደረጋቸው ዕድሜ ሳይሆን አንድ የካምፓላ ቦዳ ነጂ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሳቸውን ጎልማሳ አድርገው ነበር የሚቆጥሩት፤ እኔም ነገሬ ብዬ አላየሁትም።

አባባ ከደሴ የመጡት እኔን ጠይቀው ቶሎ ሊመለሱ ነበር። ሻንጣቸውን በቅጡ ሳይፈቱ ኮሮና ገባና አየር ማረፊያው ተዘጋ፤ እንግዳ ሆነው የመጡት ሰውዬ ቤተኛ ሆነው ቀሩ። ወራት ቆይቶ ቦዳ የሚባሉት የታክሲ ሞተሮች ሰው እንዲጭኑ ሲፈቀድላቸው፣ አባባ ጫማቸውን ወልውለው ከእኔ ጋር ወደ ናካሴሮ ገበያ ሊወርዱ ወጡ። የቦዳው ነጂ ጨዋ ልጅ ነው። ከሞተሩ ወርዶ ክንዳቸውን ደገፍ አደረገና «ጃጃ፣ ቀስ ብለህ ውጣ» አላቸው።

«ምን አለኝ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ጃጃ በሉጋንዳ አያቴ ማለት ነው። አክብሮዎት ነው» አልኳቸው።

አባባ ክንዳቸውን መንጭቀው መንገዱን ጀመሩት። በዚያ ፀሐይ፣ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው ገበያ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ቲማቲም ሊገዙ የወጡት ሰውዬ ከህንዱ ሱቅ የጸጉር ቀለም ገዝተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ቀቢያቸው እኔ ሆንኩ። ያው ሥራዬ ማተሚያ ቤት አይደል፣ «ቀለም የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብለው ፈረዱብኝ። መታጠቢያ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ ፌስታል ታስሮላቸው፣ እኔ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስቀባ እሳቸው ትእዛዝ ይሰጣሉ። «ከጆሮዬ በላይ ያለውን አልፈሽዋል።» «ጢሜንስ? ጢሜን ለማን ነው የተውሽው?»

«አባባ፣ አፍዎን ካልዘጉ ምላስዎንም ነው የምቀባው!» እላቸዋለሁ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ይህን የማያውቅ ሀበሻ ካምፓላ ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለቦዳ ነጂ ብለው መስሎኝ ነበር። አይ ሞኝነት! ለካ አባባ በየቀኑ «እግሬን ላፍታታ» እያሉ የሚወጡት ወደ ኮሎሎ አጠገብ ወዳለች አንዲት የሀበሻ ምግብ ቤት ኖሯል። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ ሳቂታና ደርባባ ናቸው። በዚያ ሰሞን ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ክልክል ስለነበር ሰው ሁሉ ምግቡን በደጅ እየተቀበለ ይሄድ ነበር። አባባ ግን እቤት የሠራሁት ምስር ወጥ እያለ፣ ባዶ ሰሃን ይዘው ሄደው ደጃፉ ላይ ቆመው ሽሮ እስኪበርድ ይጫወታሉ። ሁለቱም ማስክ አድርገዋል። ከአባቴ የሚታየው እንግዲህ ዓይናቸውና ጸጉራቸው ብቻ ነው። ጸጉራቸው ላይ እንደዚያ የበረቱት ወደው አይደለም።

ነገሩን ያወቅሁት ከእትዬ ነው። አንድ ቀን እኔው ራሴ ምግብ ልቀበል ስሄድ ጠጋ ብለው፣ «አባትሽን ከጆሯቸው ጀርባ ቀለም ቀርቷል በያቸው፤ እኔ ብነግራቸው ያፍራሉ» አሉኝ።  ወዲያው ሳቃቸውን ለቀቁት። «ተያቸው፤ ደስ ይለኛል እኮ። ለእኔ ብሎ ጸጉሩን የሚቀባ ሰው አግኝቼ አላውቅም» አሉ። ያን ዕለት እቤት ስመለስ አባባ ሬዲዮ ከፍተው ከዘፋኙ ጋር እያዜሙ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲያዜሙ ሰምቻቸው አላውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩና፣ ወጥቼ «ከጆሮዎ ጀርባ ቀለም አለ» አልኳቸው።

በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ተላከ። እትዬ እሺታቸውን ቀድመው ሰጥተዋል፤ የሚቀረው የእናታቸው ቃል ነበር። እማማ በጣም ያረጁ ናቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ምላጭ ነው። ልጃቸው ያለ እሳቸው ምርቃት ላታገባ ቃል ገብታላቸዋለች። ሽማግሌዎቹ የአባቴን ደግነት፣ ዘር ማንዘራቸውን፣ ደሴ ያላቸውን ቤት ሁሉ ዘርዝረው ሲጨርሱ እማማ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ዕድሜውስ?»

የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው» አሉ። ስድሳን ከተሻገሩ ስንት ዘመናቸው!

«እንግዲያው ስሙኝ» አሉ እማማ። «ልጄን አንዴ ጥቁር አልብሻታለሁ። በእነዚህ እጆቼ። ሁለተኛ አላለብሳትም። ጎልማሳ ከሆነ እሰየው፣ እመርቃለሁ። ሽማግሌ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይቅርብን።»

ሽማግሌዎቹም ጎልማሳ ነው ብለው ምለው ወጡ። አባባ ይህን ሲሰሙ ቀለሙን ራሳቸው በጥብጠው ጠበቁኝ።

የድግሱ ጊዜ ሲደርስ የእትዬ ታላቅ ወንድም መጡብኝ። ናካሴሮ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ድግሱ የሚደገሰው ኮሎሎ ባለው የእሳቸው ግቢ ነው። በዚያ ጊዜ ሰርግ ላይ የሚጠራው ሰው ቁጥር በመንግሥት የተወሰነ ነበር። ከእኛ በፊት የደገሰ አንድ ሀበሻ የጥሪ ካርዱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ለአንድ ሰው በተላከ ካርድ ሰፈሩ ሁሉ ገብቶ፣ ፖሊስ መጥቶ ሰውን ከነሰሃኑ በትኖታል። ክትፎ ጉያው ውስጥ ይዞ በአጥር የዘለለ ሰው ነበር፤ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ አሁን የተከበረ ሰው ነው።

«አንቺ ማንም አስመስሎ የማይሠራው ነገር ታትሚያለሽ አሉ» አሉኝ ጋሼ። «ካርዱን እንደዚያ አድርጊልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እውነት ነው፣ ሥራዬ እሱ ነው። ማተሚያ ቤታችን ትኬት፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ካርቶን ላይ የሚለጠፍ ማኅተም ያትማል፤ ሰው ፎርጅድ ሊያደርገው የሚጎመጀውን ነገር ሁሉ። ከዘዴዎቻችን አንዱ ይህ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ስትጫኑ ከጫፉ ብርሃን ይወጣል፣ ዓይናችሁ ግን አያየውም፤ ኢንፍራሬድ የሚሉት ነው። አንዳንድ ጥቁር ቀለም ያንን ብርሃን ውጥ አድርጎ ስለሚያስቀር በካሜራ ስታዩት እንደጠቆረ ነው። ሌላው ጥቁር ደግሞ ብርሃኑን ያሳልፈዋል፤ ካሜራው ፊት ድራሹ ይጠፋና ወረቀቱ ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በዓይን ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ወላጅ እናታቸው አትለያቸውም። ከሚውጡት ሁሉ አንጋፋው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ተራ ጥላሸት!

የማተሚያ ቤቱን አለቃ አስፈቅጄ፣ ከጣሳው ሥር የተረፈውን ውድ ቀለም ተጠቅሜ ካርዱን ሠራሁት። ዙሪያውን የብራና መጽሐፍ ላይ የሚሳለውን ዓይነት ሐረግ አደረግሁለት። ሐረጉም ጽሑፉም በሚጠፋው ጥቁር ታተመ፤ ከሐረጉ ውስጥ አንዲት ቅጠል ብቻ በማይጠፋው። ሁለቱ ጥቁሮች እንዳይደባለቁብኝ የማሽኑን ሮለር በጋዝ ሳጥብ ጥፍሬ ሁሉ ጠቆረ። ካርዱን በዓይን ስታዩት የሚያምር ጥቁር ሐረግ ነው። በካሜራው ስታዩት ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋና አንዲት ቅጠል ባዶ ወረቀት ላይ ትቀራለች። ኮፒ የተደረገ ካርድ ይህን ከየት ያመጣዋል? የኮፒ ማሽን ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ሐረጉ ሁሉ እንደጠቆረ ይቀርበታል።

ለመፈተሻው አንድ የሌሊት ጥበቃ ካሜራ ገዛሁ። ከአንድ አሮጌ ፎቶ ቤት የለመንኩትን የተቃጠለ ፊልም ቁራጭ መነጽሩ ላይ ለጠፍኩበት፤ ተራውን ብርሃን ይከለክልና ያንን የማይታየውን ያሳልፋል። ካትዌ ወርጄ አንድ ብረት በያጅ በልኩ ሳጥን አበጀልኝ። ካሜራው ሳጥኑ ውስጥ ወደ ታች አቀርቅሮ ይቀመጣል፤ ካርዱን ከሥር ታስገባላችሁ፣ ትንሿ ስክሪን ላይ ቅጠሏን ታያላችሁ። አለቀ።

ሳጥኑ ሳይገጠምለት በፊት ካሜራውን እቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እየሞከርኩ ሳለ አባባ ሮሌክስ የሚሉትን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል እየበሉ በፊቱ አለፉ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥጥ የመሰለ ራስ ያላቸው አዛውንት ቻፓቲ ሲያኝኩ አየሁ። ብድግ አልኩ። ራሳቸውን የቀባሁት ከትናንት በስቲያ ነው!

«ማነው ይሄ ሽማግሌ?» አሉ አባባ ስክሪኑን እያዩ። ሮሌክሱን ዝቅ አደረጉ፤ ሽማግሌውም ዝቅ አደረገ። «በስመ አብ!»

የህንዱ ቀለም ከሚጠፉት ወገን ነው ማለት ነው። ካሜራው አልፎት ገብቶ ሥሩ ያለውን ሽበት ነው የሚያየው። አባባን ሳስረዳቸው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው «አጥፊው! አጥፊው!» አሉ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መሬት ተቀምጫለሁ። በኋላ ካሜራው ሳጥን ውስጥ ታስሮ ካርድ ብቻ እንደሚያይ ምዬ ነገርኳቸውና ተረጋጉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ ነበር። ይሄ ግን እስኪያድር እንኳ አልጠበቀም» አሉ።

የድግሱ ቀን በጠዋት ኮሎሎ ደረስኩ። የሰዓት እላፊው ገና ስላልተነሳ ድግሱ የምሳ ነው፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ከጓሮ ሴቶቹ ድስት ጥደዋል። በሩ ላይ ሳጥኔን ፈለግሁት። ሳጥኔ ባዶውን ተከፍቶ መሬት ተቀምጧል።

«ጋሼ! ካሜራዬስ?»

ጋሼ በደስታ እየፈኩ ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ካሜራዬን ከሳጥኑ ፈትተው የበሩ ብረት ላይ በሽቦ አስረውታል፤ ወደ ሰው ፊት ዞሯል። «ያ ሁሉ ሰው እጁን አንድ ሳጥን ውስጥ እየከተተ ኮሮና ሊያዛምት ነው? ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ ይለፍ፣ በቃ! ደግሞ ነይ እይ።» እየጎተቱ ድንኳኑ ውስጥ ወሰዱኝ። ግድግዳ የሚያክለውን የሳሎናቸውን ቲቪ አውጥተው ገመዱን ከካሜራው ጋር አገናኝተውታል። ከቲቪው ሥር፣ ዋናው ወንበር ላይ፣ በነጭ ቀሚስ ሽክ ብለው እማማ ተቀምጠዋል።

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ እማማ። «ይሄን የመሰለ ነገር አበጅተሽልኝ! ሰው ከሩቅ አይታየኝም ነበር፤ በዚህ ግን ሁሉንም አያለሁ። ሙሽራውንም ሲገባ ልክ በዚሁ ነው የማየው።»

 የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ ቲቪንም ይጨምራል። ጋሼን ወደ ጥግ ወስጄ ካሜራው ወደ ሳጥኑ ይመለስ ብል «ምነው?» ይሉኛል፤ ምክንያቱን ደግሞ ለእሳቸው መናገር ለእማማ መናገር ነው። ገመዱን ልነቅል ሞከርኩ፤ የአጎት ልጆቻቸው ዙሪያውን ከበውታል፤ «ተይ፣ ይበላሻል!» አሉኝ። የኔን ዕቃ እኮ ነው!

እንግዶች መግባት ጀመሩ። ወይ ጉድ! ጥቁር ሱፍ ለብሶ በበሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቲቪው ላይ ነጭ ሱፍ ለብሶ ይታያል፤ ልብስም የሚነከረው ያው በሚጠፋው ዓይነት ነዋ። ሰዉ ቲቪው ቀለም ያንሰዋል እያለ ተሳሳቀ። ልብሱስ ባልከፋ። ካምፓላ ውስጥ የማውቃቸው ጸጉረ ጥቁር ጎልማሶች ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ራሳቸው እየነጣ ገቡ። «ጎልማሳ ነው» ብለው የማሉት የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ ራሳቸው አመዳይ የወረደበት ማሳ መስለው አለፉ። ጋሼ እንግዳ ሊቀበሉ በካሜራው ፊት ሽር ጉድ ሲሉ ጢማቸው ነጭ ሆኖ ይሄዳል፣ ነጭ ሆኖ ይመለሳል።

«ይሄ ሁሉ አዛውንት ከየት መጣ?» አሉ እማማ። «ልጄ ጎረምሳ ሁሉ ነው የጠራሁት ያለችኝ!»

የመጀመሪያው ፎርጅድ ካርድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ቲቪው ላይ ቅጠሏ ብቻዋን አይደለችም፣ ሐረጉ ከነጽሑፉ ጠቁሯል። ሥራዬ ሠራ! እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩ። ጋሼ ካርዱን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ፤ ሰውዬው ሚስቱን፣ የሚስቱን እህትና አንድ ጎረቤት ይዟል። «ጋሼ፣ ፎርጅድ ነው!» አልኩ። ጋሼ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ታዲያ ደጄ ላይ የደረሰ እንግዳ ልመልስ ነው እንዴ፣ ነውር አይደለም? ግቡ፣ ግቡ! ምሳ ሳይበርድ።» ጥፍሬ የጠቆረው ለዚህ ነው! ፎርጅዶቹ ከጀርባ ባለው ሣር ላይ ተራርቀው እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ከእኛ ከሕጋውያኑ ቀድመው ተስተናገዱ።

ንዴቴን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው። ከሚዜዎቻቸው ጋር በመኪና ደርሰው መንገዱ ማዶ ቆመዋል፤ መግባት እንችላለን ወይ ይላሉ።

«እንዳይንቀሳቀሱ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ምን ላድርግ? ሻሽ ላስርላቸው ሙሽራ ናቸው። ባርኔጣ ላድርግላቸው እማማ ፊት ባርኔጣ ማውለቅ ግድ ነው። ያኔ ነው ዓይኔ ከጓሮ እንጨት እሳት ላይ የወረደው ትልቁ ብረት ድስት ላይ ያረፈው። ቂጡ ጥላሸት ብቻ ነው። የማይጠፋው ጥቁር! ወጥ ሠሪዎቹ «ምን ነካት?» እያሉ በማንኪያ ፍቄ ሰሃን ሞላሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ባለው ቫዝሊን ለወስኩት፣ በጓሮ በር ወጥቼ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

ሚዜዎቹን አስወረድኩና ከአባባ ጋር ገባሁ። ስለ ቲቪው ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ «ልጄ፣ ልብሴን እንዳታበላሺ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እማማ እምቢ ካሉ እሷ ቃሏን አታፈርስም። አውቃታለሁ» አሉኝ። «ደሴ ያለው ቤት እኮ ሰው የለበትም። ማታ ማታ ራዲዮኑን ከፍቼ የምተኛው የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነበር።» ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ጥላሸቱን ራሳቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ለቀለቅኩት። ኮሌታቸውን በሶፍት ጠቀጠቅሁት።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኳቸው። «ከሩቅ እጅ ይንሱ። ጉልበት እንዳይስሙ። ኮሮና ነው ይበሉ።»

«እሺ» አሉ። እሺ ብለዋል! ውጭ የቆሙት ሚዜዎች ሳይቀሩ በመስኮቱ ሰምተዋል።

ሮጬ ቲቪው ሥር ደረስኩ። እልልታው ተጀመረ። ከነጫጭ ራሶች መሃል፣ ከነጫጭ ሱፎች መሃል፣ አንድ ጥቁር ራስ ብቅ አለ። የእኛ ሙሽራ! ጢሙ ጥቁር፣ ቅንድቡ ጥቁር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ጎረምሳው እሱ ብቻ ነው። እማማ ከወንበራቸው ቀና ብለው አዩና እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሰይ! ይሄ ነው እንጂ! ይሄ ምን አለው!» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት እትዬ በቬላቸው ውስጥ ሆነው አፋቸውን ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም። እኔ እግዚአብሔርንም ድስቱንም አመሰገንኩ።

አባባ ድንኳኑ መሃል ደረሱ። ቆሙ። እጅ ይነሳሉ ብዬ ስጠብቅ እማማ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ «ና፣ ልጄ። ኮሮናውን እኔ እሸከመዋለሁ» አሉ። አባባ ወደ እኔ አዩ። እኔ ራሴን በኃይል ነቀነቅሁ። እሳቸው ደግሞ የደሴ ሰው ናቸው፤ የእናት እጅ ተዘርግቶ ከሩቅ መቆም በእሳቸው አገር የለም። ሄደው ተንበረከኩና ጉልበታቸውን ሳሙ። መሳም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው ቀሩ፤ እማማም ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መመረቅ ጀመሩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አባባ ቀና ሲሉ የእማማ ነጭ ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ትልቅ ጥቁር ክብ ታትሞበታል። በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ኅትመት አትሜ አላውቅም። እማማ መዳፎቻቸውን ዓይናቸው ድረስ አቀረቧቸው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አሸተቷቸው።

«ጥላሸት ነው» አሉ።

 ፎርጅዶቹ ሳይቀሩ ከሣሩ ላይ ተነስተው በድንኳኑ በር አንገታቸውን አሰገጉ። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው የአባባን ራስ አንድ ጊዜ ጠረጉት። ጥላሸቱ ነጠላው ላይ ቀረ፤ ከሥሩ የእኔ ቀለም አለ፣ ጥቁር ነው። እንደገና ጠረጉት። አሁንም ጥቁር ነው።

«እንዴ» አሉ። «ጥቁር ጸጉር ላይ ጥላሸት ምን ያደርጋል?»

 የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባቸውም። እኔ «ድስት ነክቷቸው ነው» ልል አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ። እንደተንበረከኩ፣ ጥላሸት ግንባራቸው ላይ እየወረደ፣ እንዲህ አሉ።

«እማማ፣ ጸጉሬ ጥቁር አይደለም። ቀብቼው ነው። ዕድሜዬም የነገሩዎት አይደለም፤ ስድሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ልጅዎትን ሁለተኛ ጥቁር አላስለብስም ብዬ መማል አልችልም። መዋሸት ግን ደከመኝ።»

እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እማማ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ጥቁር መዳፋቸውን አባባ ጉንጭ ላይ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ለአባባ ብቻ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰማን።

«ያኛው ሲሞት አንዲት ሽበት አልነበረውም። እኔ ነኝ ያበጠርኩት፤ ጸጉሩ ሁሉ ጥቁር ነበር። ጎልማሳ ስጡኝ ብዬ የለመንኩት ምን ነክቶኝ ነው?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። «ጥቁሩን አይተነዋል፣ ልጄ። እስቲ ደግሞ ነጩን እንየው።»

እልልታውን የጀመሩት ወጥ ሠሪዎቹ ናቸው። እማማ ግን ምርቃቱን እንደጀመሩት አልቀጠሉም። አባባን በብብታቸው ይዘው ካስነሱ በኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሳሙናና ሙቅ ውሃ እንዲመጣላቸው አዘዙ፤ የሙሽራው ጸጉር እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእሳቸው እጅ ታጠበ። ጥላሸቱ ወረደ፤ የእኔ ቀለም አልለቅ ሲል እማማ «እሱ በራሱ ጊዜ ይነጣል» ብለው ምርቃቱን ጨረሱ።